ኤድዋርድ ጆንስተን፤ ከብራና እስከ ባቡር ጣቢያ

ለንደን ከተማ ደርሶ በምድር ውስጥ ባቡር ያልተሳፈረ እንግዳ አለ ለማለት ያስቸግራል። ደረጃውን ወርዶ ከመሳፈሪያው ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በቀይ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱን በመካከሉ ሰማያዊ መቀነት ያቋርጠዋል፤ በመቀነቱም ላይ የጣቢያው ስም በነጭ ፊደል ተጽፏል። ተሳፋሪው ስሙን አንብቦ ይወርዳል ወይም ጉዞውን ይቀጥላል እንጂ ይህን ፊደል ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም። እንዲጠይቅም አይጠበቅበትም፤ ፊደሉ የተሠራው በሩጫ ላይ ያለ ሰው ሳይቸገር እንዲያነበው ነውና።

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህ ፊደል ሠሪ የሆነው ኤድዋርድ ጆንስተን ነው። የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው ከማኅበራችን አባላት መካከል ጥቂት የማይባሉት የኮምፒዩተር ሳይንስና የንድፍ ተማሪዎች ናቸው። ለማኅበሩ አዲስ አርማ፣ እንዲሁም አባላት በስልካቸው ማስታወቂያ የሚያነቡበት ፕሮግራም ይሠራ የሚለው ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ በየስብሰባው ሁለት ወገን ሆነን ስንከራከር ቆይተናል። አንደኛው ወገን የአክሱምን ሐውልት፣ የላሊበላን መስቀልና የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለማት ከለጠፍንበት ሥራው የእኛ ይሆናል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዓለም የሚጠቀምበትን እንዳለ ወስደን ጽሑፉን ብቻ ወደ አማርኛ እንመልሰው ይላል። የጆንስተን ሕይወት ከሁለቱም ወገን ጋር የሚሟገት ሆኖ ስላገኘነው እነሆ ጽፈነዋል።

ጆንስተን የተወለደው በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1872 በደቡብ አሜሪካ፣ በኡራጓይ፣ ሳን ሆሴ በተባለ ቦታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ከስኮትላንድ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉም የባሪያ ንግድን በመቃወም በእንግሊዝ ፓርላማ ስሙ ከገነነው ከቶማስ ፎዌል በክስተን ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። እናቱ በሽተኛ ነበረች፤ ልጁም ጤናው ደካማ ነበር። ስለዚህ እንደ እኩዮቹ ትምህርት ቤት ሳይገባ አክስቱ ዘንድ በቤት ውስጥ ተማረ። በልጅነቱ ከሚወዳቸው ነገሮች አንዱ ጥቅሶችን በጌጥ አስውቦ እየጻፈ ለዘመዶቹ በስጦታ ማበርከት ነበር። የልጅ ጨዋታ ስለነበረ ማንም ሥራዬ ብሎ አልተመለከተውም።

አድጎ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ጀመረ። ነገር ግን ጤናው ስላልፈቀደለት ትምህርቱን አቋረጠ። ዕድሜው ወደ ሃያ ስድስት ተጠግቶ ነበር፤ ዲግሪ የለውም፣ ሙያ የለውም። ዲግሪ ሳይዙ ወደ ቤተሰብ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት ያለብን አይመስለንም።

በ1898 ግን ዊሊያም ሌዘቢ ከተባለ አርክቴክት ጋር ተገናኘ። ሌዘቢ በ1896 ለንደን ውስጥ የተከፈተው ሴንትራል የተባለው የጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። የወጣቱን የጽሕፈት ሥራ አይቶ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም እየሄደ የጥንቶቹን የብራና መጻሕፍት እንዲመረምር መከረው። በዚያም ሲድኒ ኮከረል የተባለ፣ ብራናዎችን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው የትኞቹን ማየት እንደሚገባው አመለከተው። ከዚህ ቀን ጀምሮ የጆንስተን ዩኒቨርሲቲ ይኸው የንባብ ክፍል ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የሰውየው ታላቅነት የተገኘው ከዚሁ ቦታ ነውና። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የጥንት ፊደል የሚወዱ ሰዎች ሞልተው ነበር። እነሱ የሚያደርጉት ግን የፊደሉን መልክ መቅዳት ነው። በሾለ ብርዕ የፊደሉን ዙሪያ ይሥሉና ውስጡን በቀለም ይሞሉታል። ጆንስተን የፊደሉን መልክ ከማየት አልፎ እንዴት እንደ ተሠራ መመርመር ጀመረ። ጸሐፊው በእጁ የያዘው ምን ዓይነት ብርዕ ነበር? ጫፉ እንዴት ተቆረጠ? በምን ያህል ዘንበል ተያዘ? ከየትኛው ሰረዝ ተጀምሮ በየትኛው ተጨረሰ? መልሱን ያገኘው ራሱ መቃና የወፍ ላባ እየቀረጸ፣ እየጻፈና እያበላሸ ነው። ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ብርዕ በአንድ ዘንበል ከተያዘ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ሰረዝ ከእጁ እንቅስቃሴ በራሱ ይወጣል። የፊደሉ ውበት ከሥራው ራሱ የሚወለድ ነበር እንጂ በኋላ የሚጨመርበት ጌጥ አልነበረም።

ይህን ስንጽፍ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ጆንስተን ዓመታት ፈጅቶ መልሶ ያገኘውን ነገር የእኛ ቁም ጸሐፊ መቼም አልጣለውም። መቃውን መርጦ፣ ጫፉን ቀርጾና ሰንጥቆ፣ ጥቁሩን ቀለም ለቃሉ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም እየለየ ብራና ላይ ሲጽፍ የኖረ ነው። የግዕዝ ፊደል እግሩ ወፍሮ አንገቱ የሚቀጥነው በዚሁ ብርዕ ምክንያት ነው። በምንማርበት አገር ያሉትም የዓረብኛ ባለ እጅ ጽሕፈቶች ከዚሁ መቃ አልተለዩም። እንዲያውም በዓረብኛ ቀለም ማለት ብርዑ ራሱ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ከብርዑ የሚፈሰው ሆኗል።

ሌላም የማናልፈው ነገር አለ። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ከወሰዳቸው ብራናዎች መካከል 350 ያህሉ የገቡት በዚሁ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ የተባለውን የራሱን ሠራተኛ ከጦሩ ጋር ልኮ ነበር። በ1877 ዊሊያም ራይት የተባለ ምሁር የኢትዮጵያን ብራናዎች ዝርዝር አሳትሟል። ጆንስተን በ1898 እዚያው ቤት ገብቶ የተማረው ግን ከላቲን ብራናዎች ነው። ከሁሉ አብልጦ የመረጠው በአሥረኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተጻፈ፣ የራምዚ መዝሙረ ዳዊት እየተባለ የሚጠራውን መጽሐፍ ነበር። ፊደሉ ክብ፣ ጥርት ያለና ከመስመሩ የማይዛነፍ በመሆኑ ለተማሪዎቹ መሠረት አድርጎ ያስተማረው ይህንኑ ጽሕፈት ነው። ዛሬ ይኸው ዳዊትና የመቅደላ ብራናዎች ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ላይብረሪ በአንድ ጣራ ሥር ይገኛሉ። አንደኛው ለአገሩ ልጆች ትምህርት ሆኖ እስከ ባቡር ጣቢያ ወጣ፤ የእኛዎቹ ግን ከልጆቻቸው ርቀው ተቀምጠዋል።

በሴፕቴምበር 1899 ሌዘቢ የፊደል አጻጻፍ ክፍል ከፍቶ ጆንስተንን አስተማሪ አደረገው። ገና ራሱ እየተማረ ያለ ሰው ነበር፤ ሆኖም ለማስተማር የተፈጠረ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። በሰሌዳው ላይ ጠመኔውን በጎኑ አስተኝቶ እንደ ጠፍጣፋ ብርዕ እየተጠቀመ ትልልቅ ፊደላት ሲጽፍ የተነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ከ1901 ጀምሮ በሮያል የጥበብ ኮሌጅም አስተምሯል። ከተማሪዎቹ መካከል ኤሪክ ጊል፣ ኖኤል ሩክና ግሬይሊ ሂዊት ይገኙባቸዋል። ከጀርመን የመጣችው አና ሲመንስም በዚያን ዘመን የፕሩሲያ የጥበብ ትምህርት ቤቶች ሴቶችን ስለማይቀበሉ ባሕር ተሻግራ ከእሱ ተምራ ተመልሳለች።

በ1903 ግሬታ ግሬግ የተባለች የስኮትላንድ ተወላጅ አገባ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1906 ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ብራና ጌጥና ስለ ፊደል ያዘጋጀው መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ መቃ እንዴት እንደሚቀረጽ ከማሳየት ተነሥቶ ብራና እስከ ማዘጋጀትና ወርቅ እስከ መለበጥ ድረስ በሥዕል እያስረዳ የሚያስተምር ነው። አንድ ፊደል ከምንም በፊት የሚነበብ መሆን አለበት፤ ውበቱና የራሱ ጠባይ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው የሚለው ትምህርቱም በዚሁ መጽሐፍ ይገኛል። በ1910 አና ሲመንስ ወደ ጀርመንኛ መለሰችው፤ የጀርመን ፊደል ሠሪዎችም ብዙ ተማሩበት።

እስከዚህ ድረስ የምናየው በብራናና በላባ መካከል የሚኖር፣ ከዘመኑ የሸሸ የሚመስል ሰው ነው። ፍራንክ ፒክ የመጣው በዚህ ጊዜ ነበር።

በለንደን የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1863 ነው። ሃያኛው መቶ ዓመት ሲገባ መስመሮቹ በተለያዩ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ። እያንዳንዱም እንደ ገዛ ፈቃዱ ይጽፋል፣ ይለጥፋል። የጣቢያው ግድግዳ በሳሙናና በካካዎ ማስታወቂያ ተሞልቶ የጣቢያውን ስም መለየት ችግር ሆኖ ነበር። አንድ ሰው ከሚሄድ ባቡር መስኮት ላይ ሆኖ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ሲጨነቅ፣ ስሙን አገኘሁ ሲል የሚያነበው የሳሙናውን ስም ነው። በ1906 ወደ ኩባንያው የገባው ፒክ የሕግ ትምህርት የተማረ እንጂ ሠዓሊ አልነበረም። ነገር ግን የተሳፋሪው ችግር የገባው ሰው ነበር። የማስታወቂያውን ሥራ ሲረከብ ማስታወቂያዎቹ የሚለጠፉበትን ቦታ ወሰነ። በ1908 አካባቢም የጣቢያው ስም በቀይ ክብ ላይ በተጋደመ ሰማያዊ ሰሌዳ ተጽፎ ብቻውን እንዲታይ ተደረገ። በየመሳፈሪያውም ከዳር እስከ ዳር በተደጋጋሚ ተሰቀለ፤ በየትኛውም ፉርጎ ያለ ተሳፋሪ ከመስኮቱ ትይዩ ስሙን እንዲያገኝ ማለት ነው።

ፊደሉ ግን ገና አልረካውም። በገበያ የነበረው የማተሚያ ፊደል ወፍራምና ድፍን ነበር፤ ይባስ ብሎም የሳሙናው ነጋዴ የሚጠቀምበት ይኸው ፊደል ነው። በ1913 ጄራርድ ሜይኔል የተባለ አሳታሚ ፒክን ከጆንስተን ጋር አስተዋወቀው። ሥራው በ1915 ተጀመረ። በመጀመሪያ ኤሪክ ጊልም አብሮ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስለነበረበት ብዙም ሳይቆይ ተወው። ፒክ የጠየቀው በአጭሩ እንዲህ ያለ ነው፦ ደማቅና ቀላል ይሁን፤ አንዱ ፊደል ከሌላው ጋር አይምታታ፤ ከነጋዴዎቹ ማስታወቂያ ጋር አይመሳሰል፤ የሃያኛው መቶ ዓመት ልጅ መሆኑ ይታወቅ፤ ነገር ግን ከጥንቱ ዘመን ምርጥ ፊደላት የተወለደ ይሁን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ መመለስ እንዴት ከባድ እንደሆነ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተገኘ ሁሉ ያውቀዋል።

ጆንስተን ምን አደረገ? የብራናውን ፊደል እንዳለ አምጥቶ በጣቢያው ላይ አልለጠፈም። ወፍራምና ቀጭን ሰረዝ ያለው፣ ጫፉ በጌጥ ያለቀ ፊደል በጭስና በጥድፊያ መካከል ከሩቅ እንደማይነበብ ተረድቷል። ከገበያ ያገኘውንም አልቀዳም። ያደረገው የጥንቱን ፊደል ሥጋውን ትቶ አጥንቱን መውሰድ ነው። ለትልልቆቹ ፊደላት በሮም ከተማ በ113 ዓ.ም. በተሠራው የትራያን ዓምድ ላይ የተቀረጹትን የመሰሉ የጥንት ፊደላትን መጠን ወሰደ። የኦ ፊደል ፍጹም ክብ ሆነ፤ በሮማውያኑ ጽሕፈት ጠባብ የነበረው ጠበበ፣ ሰፊ የነበረውም ሰፋ። ከዚያ በኋላ ሰረዙን ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ሰጠው፤ ውፍረቱም የትልቁ ፊደል ቁመት አንድ ሰባተኛ ነው።

ለተሳፋሪው ያሰበው በትንንሾቹ ነገሮች ላይ ይበልጥ ይታያል። በላቲን ፊደል ትንሹ ኤል፣ ትልቁ አይና አንድ ቁጥር ሦስቱም ቀጥ ያለ እንጨት ስለሚመስሉ ሰውን ያሳስታሉ። ጆንስተን ለትንሹ ኤል ከእግሩ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጅራት ሰጠው። አሁን ማንም አይሳሳትም። በትንሹ የአይ ፊደል ራስ ላይ የምትቀመጠዋን ነጥብ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ፊደላት ክብ ወይም ቀጥ ያለች አራት ማዕዘን አላደረጋትም፤ በማዕዘኗ የቆመች፣ እንደ አልማዝ ያለች አደረጋት። ይህች ነጥብ ከየት መጣች? ጠፍጣፋ ብርዕ በዘንበል ይዞ ብራና ላይ አንድ ጊዜ ነካ ያደረገ ሰው የሚያገኛት ነጥብ እሷው ናት። በዚያ የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ የጸሐፊው እጅ የቀረችው በዚህች ነጥብ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመቃ የጻፈ ሰው ለንደን ሲደርስ ይለያታል ብለን እናምናለን።

ፊደሉ በ1916 ተጠናቆ በማስታወቂያዎቹ ላይ መታየት ጀመረ። ጦርነት ስለነበረ ብዙም ወሬ አልተነገረለትም። ቀዩን ክብም ጆንስተን አሻሽሎ ወደ ቀለበትነት ለወጠው፤ የቀለበቱን ውፍረት፣ የመቀነቱን ርዝመትና የፊደሉን ቁመት በልክ ወሰነ። ምልክቱ በ1917 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። በ1920ዎቹም ማንኛውም ሰሌዳ ሠሪ ሳይሳሳት እንዲሠራው የልኩን ሥዕል አዘጋጅቶ ሰጠ። በ1933 የለንደን አውቶቡሶች፣ ትራሞችና የምድር ውስጥ ባቡሮች በአንድ ድርጅት ሥር ሲጠቃለሉ ፊደሉም ወደ ሁሉም ተዳረሰ። በዚያው ዓመት ለሕዝብ የቀረበው የሃሪ ቤክ ታዋቂ የመስመር ካርታ የጣቢያዎቹን ስም የጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። አንድ ሠርቶ አደር በማለዳ ከቤቱ ወጥቶ የአውቶቡሱን ፌርማታ፣ የጣቢያውን በር፣ ካርታውንና የመውረጃውን ስም በአንድ እጅ ተጽፈው ያገኛቸው ጀመር።

ሥራው ግን ለሁሉም አልጣመም። ግሬይሊ ሂዊትን የመሰለ የቀድሞ ተማሪው ጆንስተን የሮማውያንን ፊደል ክብር ትቶ ይህን ጌጥ አልባ ፊደል ለዓለም በመልቀቁ በእጅጉ አዝኖበታል። ከእሱ የተማርነውን እሱ ራሱ አፈረሰው የሚል ስሜት ነበረው። ይህን ቅሬታ ቀላል አድርገን አናየውም። ቅርስን በቅርጹ እንዳለ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ምንጊዜም ይኖራል፤ ቢኖርም ጥሩ ነው። በእኛ አስተያየት ግን የተሳሳተው ሂዊት ነው። ጆንስተን ከብራናው የተማረው ሰረዙን ብቻ አልነበረም፤ ፊደል ለሚነበብበት ቦታ፣ ለሚነበብበት ጊዜና ለሚያነበው ሰው እንዲስማማ ሆኖ እንደሚሠራ ጭምር ተምሯል። መነኩሴው በጧፍ ብርሃን ለሚደግመው ዳዊት የሚስማማው ለባቡር አይስማማም።

ስለ ጠባዩ ስንናገር ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ጆንስተን እጅግ ዘገምተኛ ነበር። የታዘዘውን ሥራ በቀጠሮው ቀን አያደርስም፤ የጀመረውን ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ ያርማል። ደብዳቤ መመለስ እንኳ ይከብደው ነበር። በዚህም ምክንያት ገንዘብ አልያዘም፤ ቤተሰቡም በችግር የኖረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በ1912 ከለንደን ወጥቶ ሰሴክስ ውስጥ ዲችሊንግ በተባለች መንደር ሰፈረ። ከእሱ ቀድሞ ጊል እዚያ ገብቶ ነበር፤ በኋላም ብዙ የእደ ጥበብ ሰዎች ተሰበሰቡባት። ጊልና ጓደኞቹ ካቶሊክ ሆነው የሃይማኖትና የሙያ ማኅበር ሲያቋቁሙ ጆንስተን አልገባበትም፤ ብቻውን ሥራውን ቀጠለ።

የጊል ነገር ከተነሣ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የጆንስተን ፊደል የባቡር ኩባንያው ንብረት ስለነበረ በገበያ አይሸጥም ነበር። በ1928 ጊል የራሱን ፊደል በሞኖታይፕ ኩባንያ አማካይነት አወጣ። ሥሩ የጆንስተን ፊደል መሆኑን ራሱ ጊል አልካደም። ይህ ፊደል እንደ ልብ ስለሚሸጥ ከባቡር እስከ መጽሐፍ ሽፋን ተዳረሰ፤ በስሙም የታወቀው ደቀ መዝሙሩ ሆነ። በ1934 ጊል ኢየሩሳሌም ድረስ መጥቶ በፍልስጥኤም የአርኬዎሎጂ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የድንጋይ ቅርጾች ሠርቷል፤ ወደዚያ የሄዱ አባሎቻችን አይተዋቸው ይሆናል። በ1989 የታተመው የሕይወት ታሪኩ ደግሞ በገዛ ልጆቹ ላይ የፈጸመውን አጸያፊ ግፍ ይፋ አውጥቷል። መምህሩን ከደቀ መዝሙሩ ለይቶ ማወቅ ተገቢ ስለሆነ ነው ይህን ያነሣነው።

በ1936 ግሬታ ሞተች። ጆንስተን ከዚያ በኋላ ደስታ አላገኘም ማለት ይቻላል። በ1939 የእንግሊዝ መንግሥት የሲ.ቢ.ኢ. ኒሻን ሸለመው። ስለ ጽሕፈት ሁለተኛ ታላቅ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ለብዙ ዓመታት ሲደክም ቢቆይም ሳይጨርሰው በኖቬምበር 26 ቀን 1944 በተወለደ በ72 ዓመቱ ዲችሊንግ ውስጥ አረፈ። ያልተጨረሰው ጽሑፍ ተሰብስቦ የታተመው በ1971 ነው። ልጁ ፕሪሲላ በ1959 የጻፈችው የአባቷ ታሪክም አለ።

ፊደሉ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1970ዎቹ የማተሚያው ዘዴ ከእንጨትና ከብረት ወደ ፎቶግራፍ ሲዛወር አሮጌው ፊደል አልበቃ አለ፤ ይጣል የሚሉም ተነሥተው ነበር። በ1979 ኤይቺ ኮኖ የተባለ ጃፓናዊ ነዳፊ ልዩ ልዩ ውፍረት እንዲኖረው አድርጎ አደሰው። ከእንግሊዝ ብራና የተወለደውን ፊደል ከጥፋት ያዳነው የሩቅ ምሥራቅ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። በ2016፣ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ለስልክና ለኮምፒዩተር ስክሪን እንዲመች ሞኖታይፕ በድጋሚ አዘጋጅቶታል። ያን ጊዜ በኢሜይል አድራሻ መካከል የሚገባው ምልክትና የሀሽታጉ ምልክት ተጨመሩበት። የአልማዟ ነጥብ ግን ዛሬም በቦታዋ አለች።

ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። ግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በ1513 በሮም ሲሆን፣ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠራ ደግሞ ቁልፉ ለፊደላቱ ብዛት ስለማይበቃ ፊደላቱን እየቆራረጡ መቀጠል ግድ ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ የተጻፉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎችን ያየ ሰው እግራቸው የተንጠለጠለ ፊደላትን ያስታውሳል። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ መቆራረጡ ቀረ። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ የጆንስተን ጥያቄ ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ሱን ከሲ፣ ቡን ከቢ የምትለየው ወገቡ ወይም እግሩ ላይ ያለችው ጭረት ብቻ ናት። በፀሐይ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን ዕቃ ይዞበት ማስታወቂያችንን የሚያነበው አባል ይለያታል ወይ? ጎን ከጐ ይለያል ወይ? ለመስቀሉና ለሐውልቱ ሥዕል ከተከራከርንበት ጊዜ ሩቡን ለዚህች ጭረት አላዋልንም። እንዳለ እንውሰድ ያለው ወገንም እንዲሁ፤ ለላቲን የተሠራው የመስመር ርቀት ለእኛ ፊደል ሲሰጥ አናቱና እግሩ ከላይና ከታች ካለው መስመር ጋር እንደሚጋጭ ሞክሮ አላየውም።

ባለፈው ዕረፍት ወደ አገር ቤት ደርሳ የተመለሰች አንዲት እህታችን ከአንድ የብራና ጸሐፊ አባት የተቀበለችውን መቃ ብርዕ ይዛ መጥታለች። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ አምስት አባላት በእሱ እየጻፉ የሰባቱን ቤት ፊደላት አጥንት ለማውጣት ጀምረዋል። እስካሁን ሀ፣ ለ፣ በ እና ሰ ከነዘሮቻቸው ተሠርተው በማኅበሩ ክፍል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፈዋል። በአሥር ርምጃ ርቀት ቆማችሁ አንብቧቸው፤ ያልለያችሁትን ፊደል ከሥሩ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ጻፉልን።